ሞዴሉ ከልኬቱ ጋር ገጠመ፤ ቁጥሩን ልስጣቸው?

ጥያቄ፦ በአንድ ክፍት የማዕድን ማውጫ የውሃ ባለሙያ ነኝ። የከርሰ ምድር ውሃን ፍሰት በሚያሰላው ሶፍትዌር በሞድፍሎው የሠራሁት ሞዴል የመመልከቻ ጉድጓዶቹን የውሃ ከፍታ ከግማሽ ሜትር ባነሰ ልዩነት ያወጣል። አለቆቼ ቁፋሮው ሲጠልቅ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚገባ አንድ ቁጥር ስጪን ይሉኛል። ልስጣቸው?

መልስ፦ አይስጡ፣ ገና ነው። የከፍታው መግጠም ብቻውን ስለሚገባው ውሃ መጠን ብዙ አይናገርም። እዚያው ሞዴልዎ ላይ ይሞክሩት። በጊዜ በማይለዋወጠው ስሌት፣ ዳር ዳሩ በተወሰነ የውሃ ከፍታ የታሰረ ከሆነ፣ ወደ መሬት የሚሰርገውን የዝናብ ውሃና የድንጋዩን ውሃ የማስተላለፍ አቅም ሁለቱንም በእጥፍ ያሳድጉ። የጉድጓዶቹ ከፍታ ንቅንቅ አይልም፤ ወደ ማውጫው የሚገባው ውሃ ግን እጥፍ ይሆናል። ሁለቱም ሞዴሎች እኩል ገጥመዋል። በትንሹ ቁጥር ፓምፕ ከተገዛና እውነቱ ትልቁ ሆኖ ከተገኘ ግን ከታች ያሉት ሠራተኞች ውሃ ውስጥ ናቸው።

ይህን የሚለየው የፍሰት ልኬት ብቻ ነው። በየማውጫው የማየው ችግር ፓምፑ የውሃ ቆጣሪ የሌለው መሆኑ ነው፤ የሠራበት ሰዓት አምራቹ በጻፈው አቅም ተባዝቶ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ያረጀ ፓምፕ ግን የተጻፈለትን ያህል አይገፋም። ቆጣሪ ያስገጥሙ፤ በአካባቢው ምንጭ ካለም በደረቁ ወራት ፍሰቱን ይለኩ። ሞድፍሎው እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የሚያወጣው ነጻ ሶፍትዌር ስለሆነ ገንዘቡ ለልኬት ይዋል። ከዚያ ከፍታውንም ፍሰቱንም የሚያስማሙ ብዙ ሞዴሎችን፣ ሞዴልን ከልኬት ጋር በሚያስማማው ሶፍትዌር በፔስት ያስኪዱና ለአለቆችዎ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ይስጡ። ፓምፑ በከፍተኛው ይመረጥ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። ማውጫው ሲዘጋ ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃውም ይመለሳል። አለቱ ውስጥ ፒራይት የተባለው ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን ካለ ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይወጣዋል። በሞንታና፣ ቢዩት ከተማ፣ በርክሌይ የተባለው የመዳብ ማውጫ ፓምፖቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲቆሙ መዳብና ዚንክ ባዘለ አሲዳማ ውሃ ተሞላ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ያረፉበት በመቶ የሚቆጠሩ የበረዶ ዝይዎች ሞቱ። ፍሪክ የተባለው ሶፍትዌር ይህን ኬሚስትሪ ያሰላል፣ ግን የሚመገበው የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ድንጋዩ በየሳምንቱ እየታጠበ የሚፈተንበት ምርመራ ደግሞ ቢያንስ 20 ሳምንት ይፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜም ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ የቁፋሮ ናሙና ከሚያስቀምጡት ባልደረቦችዎ ጋር ዛሬውኑ ይነጋገሩ፤ ፒራይት የታየበት ድንጋይ ተለይቶ ይቀመጥልዎ።