ክሊኒኩ ግቢ፣ ማታ ማታ ደግሞ ደንጊን አጥኚ

«ሐረር ሜዲካል ላቦራቶሪ ተምሬ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ቤተሰቦቼ ድሬዳዋ ናቸው፤ እዚያ የግል ክሊኒክ ሥራ አግኝቻለሁ። ፍላጎቴ ግን የቲ ሴል ክትባት ምርምር ነው። ጓደኞቼ ‹ውጭ ካልወጣሽ አትድከሚ› ይሉኛል። ልግባ ወይስ ስኮላርሺፕ ልጠብቅ?»

እህቴ፣ ግቢ። ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ እጅን ያፈዛል። ደግሞስ የምትፈልጊው ጥያቄ ያለው እዚያው ሰፈርሽ ነው። ደንጊ፣ ያ በትንኝ የሚተላለፈው የቫይረስ በሽታ፣ በአገራችን መጀመሪያ በወረርሽኝነት የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ ነው።

ደንጊ 4 ዓይነት ነው። ለአንዱ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ሌላውን ላያቆመው፣ አንዳንዴም ሊያባብሰው ይችላል። ቲ ሴል የሚባለው የመከላከያ ነጭ የደም ሴል የሚያየው ግን ሌላ ነው፦ የተያዘው ሴል ቆራርጦ ደጁ ላይ የሚያሰጣውን የቫይረሱን ፕሮቲን ቁራጭ፣ ብዙውን ጊዜ 9 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ‹ፊደል›) የሚረዝም። ገዳዮቹ ቲ ሴሎች በብዛት የሚያነጣጥሩት ኤንኤስ3 እና ኤንኤስ5 በተባሉ የቫይረሱ ፕሮቲኖች ላይ ነው፤ እነዚህ ከቫይረሱ ሽፋን ይልቅ በ4ቱ ዘንድ ይመሳሰላሉ። ዴንግቫክሲያ የተባለው የደንጊ ክትባት የተገነባው በቢጫ ወባ ክትባት ቫይረስ ላይ ስለሆነ የደንጊን ኤንኤስ3ም ኤንኤስ5ም አልያዘም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ቀድሞ ደንጊ ያልያዛቸውን ለከባድ ሕመም ሊያጋልጥ እንደሚችል ታወቀ። ምክንያቱ ቲ ሴል ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ከ4ቱ በአንዱ፣ በደንጊ 2 ላይ የተገነባው ሌላው ክትባት ኩዴንጋ ግን ሁለቱንም ይዟል። የክትባት ዲዛይን ማለት እንዲህ ያለ ምርጫ ነው።

ክሊኒኩ የሚያስተምርሽ የናሙና አያያዝ ነው። ለቲ ሴል ጥናት ሴሎቹ በሕይወት መቆየት አለባቸው። ደም ከተቀዳ በኋላ ነጭ ሴሎቹ ተለይተው ፈሳሽ ናይትሮጅን እስኪገቡ ያለፈው ሰዓት ውጤቱን ይወስነዋል። ስለዚህ ማንም ባያዝሽም የተቀዳበትን ሰዓት በደቂቃው ጻፊ።

ማታ ላፕቶፕሽን ክፈቺ። ጄንባንክ ከተባለው የዘረመል መረጃ ቋት የ4ቱን ደንጊ ኤንኤስ3 አውርጂና ጎን ለጎን ደርድሪ። ያልተለወጡትን ባለ 9 ፊደል ቦታዎች ለይተሽ፣ የመከላከያ ሴሎች የሚያዩዋቸው ቁራጮች በተመዘገቡበት አይኢዲቢ ላይ ፈትሺ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ቁራጩን ሴሉ ደጅ ላይ ይዞ የሚያሳየው ኤችኤልኤ የተባለ ፕሮቲን ከሰው ሰው ይለያያል። ለታይላንድ ሰው የሚሆን ቁራጭ ለድሬ ሰው ላይሆን ይችላል። የአፍሪካውያን መረጃ ደግሞ ገና ስስ ነው። እኔ አንቺን የማያት እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ይህን አንድ ገጽ አድርገሽ ለሐረማያ መምህሮችሽ አሳዪ፤ አዲስ አበባ ላለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም ላኪ። ባዶ ሲቪ ከመላክ በጣም ይሻላል።

ክሊኒኩ ውል ሲያስፈርምሽ ግን ስንት ዓመት እንደሚያስርሽ አንብቢ። ከአንድ ዓመት ካለፈ ሳትፈርሚ ተደራደሪ።