ለሩቁ ጩኸት፣ ለቅርቡ ዝምታ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የኅዳር ውርጭ የደሴን ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ በሚያስገባበት በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከወትሮው በርከት ብለዋል። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ አንዱ ስለ ኳስ፣ ሌላው ስለ ቁማር፣ ሌላዋ ስለ ቡና፣ አንዱ ደግሞ ስለ ምርጫ ጽፈዋል። ደብዳቤዎቹን ደጋግሜ ሳነብ ግን አንድ ነገር በሁሉም ውስጥ ያለ መሰለኝ። የሩቁን ጉዳይ እንደ ግል ርስታችን ስንሟገትለት፣ የደጃችንን ጉዳይ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ እናልፈዋለን። ይህን የምለው ራሴን ነጻ አውጥቼ አይደለም፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ያነበበ ይፈርድብኛል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ጓደኞቼ የእንግሊዝ ክለቦችን ተጫዋቾች ከነተጠባባቂዎቻቸው ይዘረዝራሉ። የከተማችን ክለብ ሲጫወት ግን የሚሄደው ጥቂት ሰው ነው። ይህ ንቀት ነው ወይስ ኳሳችን የሚታይ ስላልሆነ ነው?

መልስ፦ ኳሳችን ስለማይታይ አንሄድም የሚለው ምክንያት ግማሽ እውነት ነው። ጥሩ ጨዋታ ተመልካች እንደሚስብ ሁሉ፣ ከፍሎ የሚገባና አይቶ የሚቆጣ ተመልካች ደግሞ ጥሩ ጨዋታን ያመጣል፤ ማንም የማያየው ተጫዋች ለማን ብሎ ይላባል? ጓደኞችዎ የሚወዷቸው ክለቦች ዝነኛ ከመሆናቸው በፊት በገዛ ሰፈራቸው ሰው የቆሙ ነበሩ። እኛ ፍሬውን በዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን እንበላለን እንጂ ዘሩ እንዴት እንደተዘራ አንጠይቅም።

ደግሞም የምንንቀው የራሳችን ኳስ ታሪክ የሌለው አይደለም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ይድነቃቸው ተሰማም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተዘጋጀው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ፣ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት የተሰለፈውና መንግሥቱ ወርቁን የያዘው ቡድናችን፣ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1982 ቀጥሎ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው ከ31 ዓመት በኋላ፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን፤ ሜዳው ግን የሚገኘው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር፤ ስታዲየሞቻችን የኮንፌዴሬሽኑን መስፈርት አላሟሉምና። እኔ ያን ዕለት ደሴ ውስጥ በሰው ቴሌቪዥን ፊት ስጨፍር፣ የአገሬ ቡድን «በሜዳው» እየተጫወተ መሆኑን ለአፍታ አስቤ ጭፈራዬን አቆምኩ። (ሁለተኛው ጎል ከተቆጠረ በኋላ ነው ያቆምኩት፤ እውነቱን መናገር ይሻላል።) እናንተ ወልድያዎች ግን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ፣ በሼህ መሐመድ ሁሴን ዓሊ አል-አሙዲ ስም የሚጠራ ስታዲየም አላችሁ። ክለባችሁም ለፕሪሚየር ሊግ በቅቶ ነበር። ጓደኞችዎን የእንግሊዙን ኳስ ተዉ አይበሏቸው፤ ማንም አይተውም። በወር አንድ ቀን ይዘዋቸው ይግቡ። እኛ ደሴዎች ሆጤ ሜዳ ዳር ቆመን የምናየው የልጆች ጨዋታ ብዙ ጊዜ ዳኛ እንጂ ተመልካች አያጣም፤ ነጻ ስለሆነ ይሁን አላውቅም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ ከአንዲት እናት)፦ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከምልክለት ገንዘብ ቆጥቦ ቤቲንግ ይቆርጣል። «ኳስ ስለማውቅ አልሸነፍም» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?

መልስ፦ ኳስ እንደሚያውቅ ይመኑለት፤ ክርክሩ እዚያ ላይ አይደለም። ልጅዎ አንድ ጨዋታ በትክክል የመገመት ዕድሉ ከመቶ 70 ነው እንበል፤ ይህ ለማንም ሰው ትልቅ ችሎታ ነው። በአንድ ትኬት 10 ጨዋታ ከደረደረ ግን 70 በመቶው ዐሥር ጊዜ በራሱ እየተባዛ ይወርድና አጠቃላይ ዕድሉ ከመቶ 3 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መቶ ትኬት ቢቆርጥ ዘጠና ሰባቱ ይወድቃሉ፤ በየአንዳንዱም «አንዷ ጨዋታ ናት ያበላሸችብኝ» ይላል። ያቺ አንዷ ጨዋታ ግን የዕድል ጉዳይ ሳትሆን የሒሳቡ ባሕርይ ናት።

ሁለተኛው ነገር የአቋማሪው ቤት ድርሻ ነው። ዕድሉ እኩል በእኩል በሆነ ነገር ላይ፣ ሳንቲም እንደመወርወር ባለው፣ ትክክለኛው ክፍያ 2 እጥፍ ሊሆን ሲገባው ቤቱ ለምሳሌ 1.90 ያቀርባል። ሰው ይህን ትንሽ ልዩነት አይቶ ያልፈዋል። አምስት እንዲህ ያሉ ግምቶች በአንድ ትኬት ሲደረደሩ ግን 100 ብር ያስያዘ ሰው አሸንፎ የሚወስደው 2,476 ብር ነው፤ ለገባበት አደጋ የሚመጥነው ደግሞ 3,200 ብር ነበር። ቤቱ የሚያተርፈው ልጅዎ ሲሳሳት ብቻ አይደለም፤ ልክ ሲሆንም ከሚገባው አሳንሶ ይከፍለዋል። ተራ በተራ ቢያሸንፍና ቢሸነፍ እንኳ መጨረሻው ወደ ታች ነው።

እንግዲህ አይቆጡት፤ የተቆጡት ልጅ ይደብቃል። ደብተር ይግዙለትና የቆረጠውን ትኬት ሁሉ፣ ያወጣውንና ያገኘውን፣ ለሦስት ወር ሳይዘል እንዲጽፍ ቃል ያስገቡት። ያሸነፈባትን ቀን ለሰፈር ሁሉ የሚያወራ፣ የተበላባቸውን ሃያ ቀናት ግን ለራሱም የማይነግር ሰው በብዛት አውቃለሁ፤ ደብተር ግን እንዲህ አይመርጥም። ከሦስት ወር በኋላ ድምሩን አብራችሁ ሥሩ፤ ያን ጊዜ የሚናገረው ድምሩ ስለሚሆን እርስዎ ምንም መጨመር አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ በሰፈራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቡና ተጠራርቶ ነው የሚጠጣው። ባለፈው ፖለቲካ ተነሥቶ ሁለት ጎረቤታሞች ተኳረፉ። ቡና ላይ ፖለቲካ እንዳይነሣ ብንከለክልስ?

መልስ፦ አይከልክሉ እላለሁ። ቢከለክሉት ወሬው አይቀርም፤ ከቡናው ረከቦት ተነሥቶ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ጓዳ ውስጥ ደግሞ የሚቃወም ሰው ስለሌለ እየከረረ ይሄዳል። የወሎ ልማድ ዝምታ ሆኖ አያውቅም፤ ሥርዓት ነው። ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ቡናው ቀርቦ፣ ዱአው ተደርጎ፣ ጉዳይ ያለው በተራው ይናገራል እንጂ አንዱ በሌላው አፍ ላይ አይገባም። ስንት ደም ያደረቁት አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ አበጋሮችም፣ ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት የሁለቱንም ወገን ቃል እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ማንንም አይጠየፍም ለማለት ነው እንጂ ማንም አይናገርበትም ለማለት አይደለም።

ይልቅ ሁለት ደንብ ብታወጡ መልካም ይመስለኛል። የመጀመሪያው፣ ወሬ የሚያመጣ ሰው ከየት እንዳገኘው አብሮ ይናገር፤ «ሲባል ሰማሁ» የሚለው ወሬ ከፈንዲሻው ጋር ተበልቶ ይለቅ። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ አጠገቡ ያለውን ጎረቤት ማንም «እናንተ» እያለ እንዳይናገረው። እኔ እንዳየሁት ጠብ የሚጀመረው በሐሳብ ልዩነት ሳይሆን «አንቱ» ይባሉ የነበሩ ሰው በድንገት «እናንተ» የተባሉ ዕለት ነው። ዐርባ ዓመት የሚያውቋቸው ሰው በአንዲት ቃል በሩቅ ያሉ፣ አይተዋቸው የማያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ተጠሪ ይሆናሉ። ክርክሩ በአቦል ተነሥቶ በቶና ቢከርር እንኳ በረካውን ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው እንዳይኖር አድርጉ። የተኳረፉትን ሁለቱን ደግሞ ዛሬውኑ አንድ ቤት ጥሯቸው።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ በፓሪስ ኦሊምፒክ አንድ ወርቅ ብቻ ማግኘታችን የሩጫ ዘመናችን ማብቃቱን አያሳይም?

መልስ፦ አያሳይም። በፓሪስ 1 ወርቅና 3 ብር ነው ያገኘነው፤ በቶኪዮ ደግሞ 1 ወርቅ፣ 1 ብርና 2 ነሐስ ነበር። ከሲድኒው 4 ወርቅ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ መውረዱ እውነት ነው፤ ሆኖም ታምራት ቶላ ሲሳይ ለማ በመጎዳቱ በመጨረሻ ሰዓት ከተጠባባቂነት ተጠርቶ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸንፏል። ተጠባባቂው እንዲህ የሚሮጥበት አገር ዘመኑ አበቃ አይባልም። እኔን የሚያሳስበኝ በየአራት ዓመቱ ሜዳሊያ ቆጥረን የምንጣላው ሰዎች ልጆቻችን በሚማሩበት ትምህርት ቤት መሮጫ መኖር አለመኖሩን ጠይቀን አለማወቃችን ነው።

ጥያቄ (ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለሱ ሠራተኛ)፦ ሚኒባሱ ትርፍ ሰው ሲጭን ዝም ልበል ወይስ ልናገር?

መልስ፦ ይናገሩ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ከነጠመዝማዛው የሚያውቅ ሰው ዝም ሊል አይገባም። ብቻዎን ከሆኑ ረዳቱ ያሾፍብዎታል፤ ስለዚህ ከመናገርዎ በፊት አጠገብዎ ያሉትን ሁለት ሰዎች ያማክሩ። ሦስት ሰው «እንወርዳለን» ሲል የሚሰማ ጆሮ ይገኛል።

ጥያቄ (ከውጫሌ፣ ከአንድ መምህር)፦ ተማሪዎቼ «ፖለቲካ የቃላት ጨዋታ ነው፤ ምን አገባን?» ይሉኛል። እንዴት ልመልስላቸው?

መልስ፦ ለዚህ ጥያቄ ከእርስዎ የተሻለ ቦታ ላይ የቆመ መምህር የለም። ተማሪዎችዎን ይዘው ወደ ይስማ ንጉሥ ይሂዱ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የውጫሌን ውል የተዋዋሉት እዚያ ነው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ግሥ ነው። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገባቸው። በፈቃድና በግዴታ መካከል ያለችው ያቺ አንዲት ግሥ ሮም ላይ ኢትዮጵያን ጥገኛ አገር አድርጋ አሳየቻት። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሰረዛቸውን አስታወቁ፤ ነገሩ የለየለት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ነው።

ይህን ሲጨርሱ ተማሪዎችዎን የቤተሰባቸውን የቤት ኪራይ ውል ይዘው እንዲመጡ ያድርጉ፤ «ይችላል» የሚለውንና «አለበት» የሚለውን በቀይ ያስምሩ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላነብ በፈረምኩት ውል ምክንያት የሰው ቤት ጣሪያ በገዛ ገንዘቤ አስጠግኛለሁ፤ የዐድዋን ታሪክ በቃሌ የማውቅ ሰው ሆኜ ማለት ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በ2013ቱ ምርጫ ድምፅ ሰጥቻለሁ። የመረጥኩትን ሰው ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም። ምን ማድረግ እችላለሁ? እርስዎስ የራስዎን ተወካይ ያውቁታል?

መልስ፦ በመጀመሪያው ልጀምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ይደነግጋል፤ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበት አባልም በሕግ መሠረት ከቦታው ሊነሣ እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። ስለዚህ መጠየቅ ልመና አይደለም። ነገር ግን «ልማት የለም» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «እየተሠራ ነው» ከሚል በቀር መልስ አያገኝም። የትኛው መንገድ፣ የትኛው ቧንቧ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለይተው በጽሑፍ ያስገቡ፤ ጎረቤቶችዎ አብረው ይፈርሙ፤ ቅጂውን ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡ።

ወደ ሁለተኛው ስመጣ አፍሬአለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. እኔም ተሰልፌ ሁለት ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልሉ ምክር ቤት። ጥያቄዎን እንዳነበብኩ ስማቸውን ልጽፍ ብዕር አነሣሁ፤ የምደግፈው የእንግሊዝ ክለብ ሦስተኛ በረኛ ስም ከነአባቱ መጣልኝ፤ የተወካዮቼ ስም ግን አልመጣልኝም። ጎረቤቶቼን ጠየቅሁ። አንደኛው የነገሩኝ ስም የቀድሞው የዕድራችን ሰብሳቢ ስም ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው «ለምን ፈለጉት? ሰው ሞተ እንዴ?» አሉኝ። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ጉሊት የምትቸረችረው ልጅ ግን የአንደኛውን ስም ከነሰፈሩ ነገረችኝ፤ ድምፅ በሰጠችበት ቀን በደብተሯ ጽፋ አስቀምጣው ኖሯል።

ደብዳቤዬን እሑድ ጽፌ ሰኞ ልኬአለሁ። የጠየቅሁት ስለ ሰፈራችን የእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው። መልስ ከመጣልኝ እዚሁ አትመዋለሁ፤ ካልመጣም ስንት ቀን እንደሆነው በየጊዜው ቁጥሩን አትማለሁ።