ከመተማ ማዶ የመጣችው ጎረቤቴ

ጥያቄ፦ በሚያዝያ 2015 ከተጀመረው የሱዳን ጦርነት ሸሽታ በመተማ የገባች እናት አዘዞ እኛ ግቢ ተከራይታለች። በር ሲላተም የ8 ዓመት ልጇ አልጋ ሥር ይገባል። ምን ላድርግላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ሆዴን አባባው። በ1977 እኔም ልጅ ሆኜ ሱዳን ገዳሪፍ ስደተኛ ነበርኩ። በእግራችን ያቆመችን ሱዳናዊት ጎረቤታችን ናት። ምን እንደደረሰብን አንድ ቀን ጠይቃን አታውቅም። ጠዋት ጠዋት እናቴን ቡና ውቀጪልኝ ብላ ትጠራት ነበር። ዝንጅብል ያለበት የነሱ ቡና! እናቴ ዘነዘናውን ስትይዝ የእጇ መንቀጥቀጥ ይተዋት ነበር።

አንቺም ቡና ጥሪያት፤ እሷም ታፍላ። ታሪኳን አትጎርጉሪ፤ ራሷ ካነሳችው ግን ዝም ብለሽ አድምጪያት። ልጁ በሩን ራሱ ይክፈተው፣ ይዝጋው፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ይወቅ። የመብያና የመኝታ ሰዓቱ አይለዋወጥ። ከግቢው ልጆች ጋር ኳስ ይጫወት፤ ለኳስ አማርኛ አያስፈልግም። ፍርሃቱ ከወር በላይ ከቆየ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። አብረሻቸው ሂጂ፤ ቋንቋው ብቻዋን ያስፈራታል።