9900 የሚል የተጻፈበት ድንጋይ

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር የመጣው ወንድሜ የሚያጨሰው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ቻርጅ በሚደረጉ ሁለት ድንጋዮች ይሠራል። የአንደኛው ሽፋን ስለተላጠ፣ እዚህ አዳማ የእጅ ባትሪ ከሚሸጥበት ሱቅ ልኩ የሆነና 9900 የሚል የተጻፈበት በርካሽ አገኘን። አንዱን ብቻ ብንተካ ምን ችግር አለው?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እባክዎ አይተኩት። በአገራችን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትም ሆነ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ በመሆኑ ወንድምዎ ቢተወው እንመርጣለን፤ ሆኖም መሣሪያው ከቤትዎ እስካለ ድረስ ስለ ድንጋዩ ዝም ማለት አንችልም።

18650 የሚባለው ይህ የሊቲየም ድንጋይ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ በዚህ መጠን ከተሠሩት ምርጦቹ እንኳ የሚይዙት 3500 ሚሊ አምፒር ሰዓት (ድንጋዩ የሚይዘው ኃይል መለኪያ) አካባቢ ነው። ስለዚህ 9900 የሚለው ጽሑፍ ሐሰት ነው፤ በዚህ የዋሸ አምራች ደግሞ በሌላውም አይታመንም። ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከሚይዘው መጠን ይልቅ ወሳኙ፣ ድንጋዩ ሳይግል ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው አምፒር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን ነው። ለምሳሌ በአንድ ድንጋይ በቀጥታ የሚሠራና የማሞቂያ ሽቦው ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም 0.2 ኦም የሆነ መሣሪያ፣ ሙሉ ከሆነ 4.2 ቮልት ድንጋይ 21 አምፒር ይስባል፤ ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ወይም ለተራ የእጅ ባትሪ የተሠራ ድንጋይ ይህን አይችልም።

አዲሱን ከአሮጌው ማጣመርም አደገኛ ነው፤ ደካማው ቀድሞ ባዶ ሲሆን ብርቱው ከልኩ በታች እየገፋ ያበላሸዋል። ሁለቱም ከታመነ ሻጭ፣ ከአንድ አምራች፣ በአንድ ቀን ይገዙ፤ ሲሞሉም ሲሠሩም አይለያዩ። አዳማ ሙቀቷን ያውቋታልና ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉአቸው፤ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ቦታም ቻርጅ አያድርጉ።

የተላጠውን በተመለከተ፣ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፦ የድንጋዩ ብረት አካል በሙሉ፣ ከላይ እስከ ፖዘቲቩ ጫፍ ዙሪያ ድረስ ኔጋቲቭ ነው። ሽፋኑ ላይ ከጫፉ አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ቀዳዳ ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር ብትነካካ ሾርት አድርጋ ልታቀጣጥል ትችላለች። ስለዚህ ኪስ ውስጥ አይያዝ፤ ሁለቱን ጫፎች በኤሌክትሪክ ፕላስተር ሸፍነው፣ ከሚቃጠል ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቅሉ ለብቻው ያስቀምጡት።