ሥዕል ይዞ ጽሕፈት ማስተማር፦ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሐዋሳ ላይ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ጽሕፈት እንድታስተምሪ ተመድበሻል፤ «ስለ ትምህርት ጥቅም ጻፉ» ሲባሉ ሁሉም አንድ ዓይነት አምስት መስመር ያስረክባሉ፤ ሥዕል እያስመረመርኩ ድርሰት ባስተምር ያዋጣኛል ወይ ነው የምትይው። ያዋጣሻል። እዚሁ ሐዋሳ፣ ስድሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል አድርጌዋለሁ፤ ዛሬም አደርገዋለሁ።

አንደኛ፦ ሥዕሉን እንደሰቀልሽ አንድ ሕግ ብቻ አውጪ። በጣት ሊጠቆም የማይችል ነገር መጻፍ ክልክል ነው። የዓድዋን ሥዕል ሲያዩ የሚያውቁትን ታሪክ ሊገለብጡልሽ ይቸኩላሉ፦ ውጫሌ፣ አንቀጽ 17፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን ከሥዕሉ ላይ አልተነበበም። «ጀግኖች አባቶቻችን» ብሎ የጀመረውን ተማሪ «ጀግንነቱን የት ላይ አየኸው? ተነሥና አሳየን» በዪው። ተነሥቶ ይፈልጋል፤ ወደ ፊት ያዘነበለው አካል ላይ፣ የተመዘዘው ጎራዴ ላይ ጣቱን ያሳርፋል። የሚጽፈው ነገር ያገኘው ያን ጊዜ ነው። አሜሪካውያኑ አቢጌል ሃውሰንና ፊሊፕ የናዋይን ለሙዚየም ትምህርት ያዘጋጇቸው ሦስት ጥያቄዎች እዚህ ላይ ይረዱሻል፦ በዚህ ሥዕል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ይህን ያስባላችሁ ምን አይታችሁ ነው? ሌላስ ምን እናገኛለን? ሁለተኛውን አጥብቀሽ ያዢ። የድርሰት መምህር ዓመቱን ሙሉ «ማስረጃችሁ የታለ?» እያለ የሚደክምበት ነገር ሁሉ በእርሱ ውስጥ አለ። ክርክሩን በአማርኛም፣ በሲዳምኛም፣ በወላይትኛም ያድርጉት፤ ጽሑፉ ብቻ በእንግሊዝኛ ይሁን። ለመግለጫው ግራ፣ ቀኝ፣ ከላይ፣ ከኋላ፣ ይዟል፣ ይመለከታል የሚሉትን ቃላት ካወቁ መጀመር ይችላሉ።

ሁለተኛ፦ የሥዕሉ ምርጫ። በአፍሪካ አዳራሽ ካሉት የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕሎች ልጀምር እያሰብኩ ነው ብለሻል። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲመረቅ ጀምሮ የሚታየው ያ 150 ካሬ ሜትር ሥራ ታላቅ ነው፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ከፍሎ ስለሚያሳይ ለማነጻጸሪያ ድርሰትም ይመቻል። ነገር ግን ውበቱ ያለው ከኋላው በሚገባው ብርሃን ላይ ነው፤ በወረቀት ሲታተም ግማሹ ይጠፋል። ተማሪዎቹን አዲስ አበባ ድረስ መውሰድ ካልቻልሽ ለጊዜው ተዪው። በባህላዊው አሣሣል የተሠራ የዓድዋ ሥዕል ይሻልሻል። በአብዛኞቹ ላይ የኢትዮጵያ ጦር በግራ፣ የጣሊያን ጦር በቀኝ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ ይታያል፤ ምኒልክ አሉ፤ ጣይቱ አሉ፤ የተማሪው ዓይን የሚያርፍበት አያጣም።

አንድ የሂሳብ አያያዝ ተማሪዬ «ጣሊያኖቹ ለምን አንድ ዓይን ብቻ አላቸው?» ብሎ ጠየቀ። አጠገቡ የተቀመጠው «ሠዓሊው ሙሉ ፊት መሣል አቅቶት ነው» አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሥታ «የእኛዎቹን በሙሉ ፊታቸው ሥሏቸው የለም እንዴ?» ስትል ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። ወደ ሥዕሉ ቀርበው ፊቶቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። በቆየው የአሣሣል ልማዳችን ቅዱሳንና ወገን በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ጠላት በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ አውቃለሁ፤ አልነገርኳቸውም። ጥያቄውን ያነሣው ልጅ ይዞት የመጣው አንቀጽ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ሠዓሊው ጠላትን በጎን የሣለው ዓይን ለዓይን እንዳንገጥመው ስለፈለገ ነው።» ኃይለ ቃል፣ ድርሰቱ የሚቆምበት ዋና ሐሳብ፣ ማለት ይህ ነው! ማንም አልሰጠውም፤ ከሥዕሉ ላይ ራሱ አገኘው። ስለ ልማዱ የነገርኳቸው ሁለተኛውን ረቂቅ ሲጀምሩ ነበር። አንቺም እንደዚያ አድርጊ፤ ታሪኩና የሠዓሊው ስም ከመጀመሪያው ረቂቅ በኋላ ይግቡ።

ደግሞ ያለሽው ሐዋሳ ነው። ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ የመጡ ብዙ ተማሪዎች ይኖሩሻል፤ አንዳንዶቹ የቅዱሱን ሥዕል ሲያዩ ስብከት ሊከተል ነው ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸውን አታቃልዪው። የምትመረምሩት የሠዓሊውን ሥራ መሆኑን በግልጽ ተናገሪና ሌላ አማራጭ አዘጋጂ። እኔ በጌዴኦ የሚገኙትን የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ፎቶግራፍ እሰጣለሁ፤ የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው አሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ከዲላ አካባቢ የመጡት ልጆች ይህን ርዕስ ለማንም አይለቁም።

ቁጥሩን ትቼ አሁን የመረረኝን ልንገርሽ። የቀለም ቅጂ እንዲታተምልኝ ለግዥ ክፍል ደብዳቤ አስገባሁ። የትምህርት ክፍሉ ይፈርም ተባለ፤ ተፈረመ። ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ ተባለ፤ በፀሐይ ዞሬ አመጣሁ። ከዚያ በኋላ «በዕቅድ አልተያዘም» ተባለ። ሰውየው ወረቀቶቼን በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ ተማሪዎች ቆመው እየሰሙ፣ «የእንግሊዝኛ መምህር ሥዕል ምን ያደርግለታል? ሕፃናት ነው እንዴ የሚያስተምሩት?» አለኝ። ገንዘብ የለም ቢለኝ ኖሮ አመስግኜ እወጣ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን የወሰነ ትምህርቱ እኩሌታ አልፏል። ማባዣ ክፍሉ በጥቁርና ነጭ ያባዛልኝ ቅጂ ላይ ደግሞ አረንጓዴውም፣ ቢጫውም፣ ቀዩም አንድ ዓይነት አመድ ሆኖ ወጣ፤ የማን ጦር የት እንደቆመ አይለይም።

ስለዚህ ደብዳቤ አትጻፊ። ባነር ማተሚያ ቤት ሂጂና አንድ ትልቅ ሥዕል፣ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል፣ አሳትሚ። እኔ ከኪሴ ከፍዬ ነው ያሳተምኩት፤ አልቆጨኝም። መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተር ይሞታል፤ ባነር ግን እዚያው ተሰቅሎ ይቆያል፤ ተጠቅልሎ በባጃጅ ይጓዛል። ሁሉም አንድ ሥዕል ስለሚያዩ ክርክሩም አንድ ይሆናል። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። የሚያብረቀርቀውን ዓይነት አትቀበዪ፤ የመስኮቱ ብርሃን እያረፈበት ከጎን የተቀመጡት ምንም አያዩም። ፎቶግራፉም በቴሌግራም የተላከ ከሆነ በፋይል መልክ ይሁን፤ አለዚያ ተጨምቆ ይመጣና ሲተልቅ ፊቶቹ ይፈራርሳሉ፤ ያን ጊዜ የማን ዓይን አንድ፣ የማን ዓይን ሁለት እንደሆነ የሚያይልሽ አይኖርም።

የነጥቡን ጉዳይም ትምህርት ሳይጀመር ጨርሺ። የጋራ ፈተናው ምርጫ ብቻ ከሆነ ተማሪው ድርሰቱን እንደ ትርፍ ሥራ ያየዋል። በመምህሩ እጅ ካለው ተከታታይ ምዘና ላይ ለሁለቱም ረቂቆች ነጥብ መድቢና በኮርሱ ዝርዝር ውስጥ በጽሑፍ አስገቢው፤ በኋላ ማንም ተነሥቶ ሊሰርዝብሽ አይችልም።

እስክታሳትሚ ድረስ የእኔን ባነር መውሰድ ትችያለሽ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት እኔው እጠቀምበታለሁ፤ በሌሎቹ ቀናት ያንቺ ነው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።