ለፍኖተ ሰላሟ እህት፦ የቫይረሱን መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ

እህቴ፣ ባለቤትሽ ሕንድ አገር የልብ ንቅለ ተከላ ከተደረገለት አራት ወሩ ነው፣ ደህና ነው፣ ሲኤምቪ የሚባለው ቫይረስ እንዳይነሳበት የታዘዘለት መድኃኒት ዋጋ ግን አልቻልነውም፣ ብናቆመውስ ብለሽ ጠይቀሻል። የተከለው ሐኪም በቃ ሳይል አታቁሙ። እኛ አቁመን አይተነዋል። ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ የተተከለለት ታላቅ ወንድሜ ነው።

1. ከሆስፒታሉ ይዛችሁ በመጣችሁት ወረቀት ላይ ሲኤምቪ የሚለውን ፈልጊ። ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ይይዘውና ሰውነቱ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። የተተከለለት ሰው ግን አዲሱን ልብ እንዳይገፋ መከላከያው በመድኃኒት ስለሚዳከም ቫይረሱ ይነሳበታል። ከባዱ፣ ለጋሹ ቫይረሱ ኖሮበት ተቀባዩ ከሌለበት ነው። የእኛ እንዲያ ነበር። ወረቀቱ ፌስታል ውስጥ ከረመ፤ እኔም አላነበብኩት።

2. የቫይረሱ መድኃኒት፣ ቫልጋንሲክሎቪር የሚባለው፣ ለስድስት ወር ታዞለት ነበር። በሦስተኛው ወር አለቀ። ዓባይ በረሃን ወርጄ ወጥቼ አዲስ አበባ ብፈልግ አጣሁ። ከውጭ ለማስመጣት ማስረጃ ፍለጋ አንድ ቢሮ ገባሁ። ሠራተኛዋ "ቫይረስ" የሚለውን እንዳየች፣ ያ ሁሉ ሰልፈኛ እየሰማ፣ "የቫይረስ መድኃኒት በነጻ ነው፤ ጤና ጣቢያ ሂድ" አለችኝ። ኤችአይቪ አይደለም፣ የልብ ነው ብዬ ባስረዳ "አትፈር ወንድሜ፣ ስንቱ እየወሰደ ይኖራል" አትለኝም! ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወረቀቴን ነጥቄ ወጣሁ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። በንዴት ቤት ገብቼ "ደህና ነው፣ ገበያ ይሄዳል፣ ዋና ዋናዎቹን ይዋጥ" አልኩ። ለሐኪሙ እንኳ አልደወልኩም።

3. ትኩሳት ሲመጣ... ይኼን እንኳ በቁጥር አልችለውም። በአምስተኛው ሳምንት ትኩሳትና ተቅማጥ ያዘው፤ እህል አልቀመስ አለ። ክሊኒክ ወሰድነው፣ ታይፎይድ ነው ተባለ። አሥር ቀን መርፌ ተወጋ። እናታችን ጠበል እንውሰደው አለች። እኔ ጭኜ አዲስ አበባ አደረስኩት። እዚያ ያየው ሐኪም ገና ንቅለ ተከላ ሲባል "ሲኤምቪ ታይቷል?" አለ። ቫይረሱ ደሙን ሞልቶት ነበር። ጋንሲክሎቪር የሚባለው የዚያው ቫይረስ መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠውና ዳነ። አለፈልን አልኩ።

በዓመቱ ለአንጂዮግራም፣ የልብ ደም ሥሮችን ለሚያሳየው ምርመራ፣ ሕንድ ተመለስን። የልቡ ደም ሥሮች ጠበዋል። አንድ ቀን ደረቴን ብሎ አያውቅም! ለካ ልብ ሲተከል ነርቮቹ ስለሚቆረጡ ብዙዎቹ ሕመሙ አይሰማቸውም። አንቺም "ደህና እያለ በየዓመቱ ምርመራው ለምን?" ያልሽው መልሱ ይኼ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ቫይረሱ የደም ሥሩን የውስጥ ሽፋን ያስቆጣል፤ ሽፋኑ እየወፈረ መንገዱ ይጠባል። ጥበቱ አንድ ቦታ ሳይሆን ከላይ እስከ ታች ስለሆነ በስቴንት፣ ጠባቡን ቦታ በሚከፍተው ቱቦ፣ ብቻ አይገላገሉትም። በእርግጥ ሰውነቱ አዲሱን ልብ መቃወሙም፣ ኮሌስትሮሉም፣ የደም ግፊቱም ያመጡታል፤ ሁሉም የቫይረሱ ነው አላለኝም። እኔ ግን እነዚያ አምስት ሳምንታት ከዓይኔ አይጠፉም። ሰውነቱ ልቡን እንዳይቃወም የሚሰጠውን ኤቨሮሊመስ የሚባል መድኃኒት ጀመሩለት፤ የኮሌስትሮል መድኃኒቱንም ጨመሩለት። ጥበቱ ከዚያ ወዲህ አልባሰም።

ዛሬ ሲቢሲውን፣ የደም ሴል ቆጠራውን ውጤት፣ እኔ ነኝ የማነበው። ቫልጋንሲክሎቪር ነጭ የደም ሴል ያወርዳል፤ ቁጥሩ ሲወርድ መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው፣ የሰፈር ፋርማሲ አይደለም።

አሁን ያንን ፌስታል አውጪው። ለጋሹ ፖዘቲቭ፣ እሱ ኔጋቲቭ የሚል ከሆነ እዚሁ ጻፊልኝ። ለማስረጃው የትኛው መስኮት እንደሚሻል በውስጥ መስመር እነግርሻለሁ።