ሐሙስ ትመጣለች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በረንዳዬ ላይ በስክሪን ፕሪንት (ፍሬም ላይ በተወጠረ መረብ ቀለም እያሳለፍኩ) ፖስተርና ቲሸርት አትማለሁ። እናቴ በወጣትነቷ አፍሮ አበጥራ የተነሳችውን ፎቶ አጉልቼ፣ ከሥሩ ስለ ውኃ እጦት አራት መስመር ጻፍኩበት። አንድ የሥነ ጥበብ ተማሪ አይቶት «ይሄ ማስታወቂያ እንጂ ሥዕል አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው? ደግሞ ከአምስተኛው ቅጂ በኋላ ቀለሙ አላልፍ እያለ አስቸገረኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ተማሪው የሰደበሽ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲስተር ኮሪታ ኬንት የምትባል የካቶሊክ መነኩሴ ነበረች። በ1962 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል የሣላቸውን የሾርባ ጣሳዎች አየች። በዚያው ዓመት የዳቦ መጠቅለያ ላይ ያሉትን ባለቀለም ክቦች ወስዳ ቅዱስ ቁርባንን የሚያስታውስ ሥራ አተመች። እስቲ አስቢው፣ የዳቦ ላስቲክ! በ1965 ዋትስ የተባለው የከተማዋ የጥቁሮች ሰፈር በአመፅ ሲናጥ ደግሞ የጋዜጣ ፊት ገጽ እንዳለ አንስታ፣ በእጅ ጽሑፍ አጅባ አተመችው። ስክሪን ፕሪንት ላይ የሙጥኝ ያለችውም ብዙ ቅጂ በርካሽ ስለሚያወጣ ነው። ድሃም ይገዛዋል።

እኔ ያልወደድኩልሽ አራቱን መስመር ነው። ፎቶው የቆንጆ ልጅ ፎቶ ሆኖ ቀርቷል፣ ጽሑፉ ደግሞ ለቀበሌ የተጻፈ ማመልከቻ። ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሁሉ አያነብም። ጎረቤቶችሽ ውኃ መቼ ትመጣለች ሲባሉ ምን ይላሉ? እኛ ኮዬ ፈጬ «ሐሙስ ትመጣለች» እንላለን። የትኛው ሐሙስ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ያለችውን አንዷን ብቻ አግዝፈሽ ጻፊ። እናትሽንም እንደዘነጠች ቢጫ ጀሪካን አስይዣት። (አስፈቅጂያት እንጂ! የእናት ኩርፊያ አይቻልም።)

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ በውኃ የሚሟሟ ዓይነት ከሆነ በረንዳ ላይ ነፋሱ መረቡ ውስጥ ያደርቀዋል። አንዱን አትመሽ ፍሬሙን ስታነሺ፣ ሳትጫኚ ቀለሙን መልሰሽ መረቡን አልብሺው። እንደጨረስሽም ወዲያው እጠቢው። አንድ ጀሪካን ውኃ አጠገብሽ ሳታስቀምጪ ሥራ አትጀምሪ። እኔ ሁለት ፍሬም ያበላሸሁት አትሜ ጨርሼ ቧንቧውን ስከፍተው ነፋስ ብቻ ሲወጣ ነው።